አመድ በምንጩ ራስ ላይ

እኔ ዘሩ እባላለሁ፤ የዝግባ ምንጭ የውኃ አባት ነኝ። ይህ ሹመት ደመወዝም፣ ማኅተምም፣ ወንበርም የለውም። ስልሳ ሦስት አባወራ በበጋ ሽንኩርቱንና ድንቹን የሚያጠጣው ከአንዲት ምንጭ ነው፤ ማን በየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት ውኃውን ወደ ማሳው እንደሚጠልፍ የምወስነው እኔ ነኝ። ተራ የዘለለ፣ ቦይ የሰበረ፣ የምንጩ ዓይን ላይ ልብስ ያጠበ ሰው ተራውን ይነጠቃል፤ የቀበሌ ሊቀ መንበር ቢሆን፣ ቄስ ቢሆን ለውጥ የለውም። ባለቤቴ እናኑ «አንተን የመረጡህ ለሽምግልናህ መሰለህ? ለቁጣህ ነው» ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ ቁጡ ነኝ።

ያ ቁጣዬ በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የት ሄዶ እንደነበረ ግን እግዜር ይወቀው። አመዱን ከምንጩ ራስ ላይ ያስቆለልኩት እኔ ራሴ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ሌላ ሰው እንዳይነግራችሁ ብዬ ነው።

በዚያ ዓመት ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥሎ ቀበሌያችን ድረስ የሚገባ የጠጠር መንገድ መሠራት ጀመረ። መንገዱን ጠልቼው አላውቅም። ክረምት ክረምት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ተሸክመን፣ ጭቃው ጉልበታችን ድረስ እየዋጠን ስንት ጊዜ ነው አስፋልት የወጣነው! አንዷ ትከሻችን ላይ ሞታለች። ስለዚህ መንገድ መጣ ሲባል ከማንም ቀድሜ ዶማ ይዤ የወጣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም ሞዴል አርሶ አደር ተብዬ የተሸለምኩትን ካናቴራ ለብሼ።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደረሰ ይባላል፤ የጎረቤቴ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ስለሞተ እርፍ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ጠራንና ምስክር ከሚባል የመንገዱ መሐንዲስ ጋር አስተዋወቀን። ምስክር ወጣት ነው፣ አፉም ለስላሳ ነው።

«አንድ ፋብሪካ አለ፤ ማሽኑን የሚያሞቀው በድንጋይ ከሰል ነው» አለን። «አመዱ ተራራ ሆኖበታል። እኛ ደግሞ ለመንገዱ ሙሌት እንፈልጋለን። በነፃ ይሰጠናል፤ አፈር ፍለጋ የማንንም ማሳ አንቆፍርም። ቆሻሻን ወደ ሀብት መለወጥ ማለት ይሄ ነው።»

ማሳችን እንደማይቆፈር ስንሰማ አጨበጨብን። አመዱ የሚራገፍበት ሜዳ ግን ከምንጩ በላይ ያለው የወል ግጦሽ ስለሆነ የውኃ አባት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ደረሰ ወደ እኔ ዞረ።

«አያ ዘሩ፣ ምን ይላሉ?»

«አመድ ነው አይደል? አመድ ምን ክፋት አለው! አራግፉት» አልኩ። ቃለ ጉባኤው ላይም ከሁሉ በፊት ፈረምኩ።

አትፍረዱብኝ። ወይም ፍረዱ፣ ይገባኛል። እኛ ዘንድ አመድ ንጹሕ ነገር ነው። ድስት ይፈተግበታል፤ የባቄላ ዘር ከነቀዝ ይጠበቅበታል፤ የጓሮ ጎመን ሥር ይነሰነሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ አፈራችን ታሟል። የግብርና ባለሙያዎቹ አፈሩ አሲዳማ ነው፣ ኖራ ካላገኘ እህል አይሰጥም ሲሉን ዓመታት ሆናቸው፤ ኖራውን ግን ተመዝግበን ስንጠብቅ ዝናቡ ይቀድመዋል። አመድ የኖራን ያህል ባይሆንም ይረዳል ሲባልም ሰምተናል። የምን አመድ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ገልባጮቹ መኪናዎች ያን ግራጫ ነገር ኮረብታ አሳክለው ሲቆልሉት የኔ ዓይን መንገድ አልታየውም፤ ኖራ ነው የታየው። ምስክርን ጥቂት ብንወስድስ ብዬ ብጠይቀው «ውሰዱ፣ ሞልቷል» አለኝ። በአህያ አሥራ አንድ ጆንያ ጭኜ ሽንኩርቴ ላይ በተንሁት። ሰው ደግሞ እኔን ያያል፤ ሞዴል ነኛ! በሳምንቱ ግማሽ ቀበሌ ጆንያ ይዞ ክምሩ ላይ ተሰለፈ።

ከጥምቀት በኋላ ያለ ወቅቱ ሁለት ቀን ዘነበ። ከዚያ ወዲህ የሽንኩርታችን ጫፍ መጀመሪያ ቢጫ ሆነ፣ ቀጥሎ እሳት እንደላሰው ሁሉ ደረቀ። በሽታ ነው ብለን መድኃኒት ረጨን፤ ባሰበት። አመድ በብዛት የበተነ ሰው ማሳ ይበልጥ ተቃጠለ። ይሁን፣ አብዝተናል አልኩ። ነገር ግን አመድ የሚባል ያልነካው የጎረቤቴ የክንዱ ማሳም ጫፍ ጫፉ መንደድ ጀመረ። የክንዱ ቦይ የሚያልፈው ከክምሩ ሥር ነው።

በዚያው ሰሞን ላሜ የቦዩን ውኃ አሽትታ ሳትጠጣ ተመለሰች። ቀብጣ ነው ብዬ በሽመል መታኋት። እንደገና ነድቼ ባደርሳት ራሷን ነቅንቃ ሄደች። ይሄኔ ራሴ ጎንበስ ብዬ በእፍኜ ጠጣሁ። ከዚያ ምንጭ ነው ጠጥቼ ያደግሁት ብል አላጋነንኩም፤ ሌላ ውኃ ጠጥቼ ጥሜ ቆርጦልኝ አያውቅም። ያን ቀን ግን ምላስ የሚይዝ ምረት ነበረው። ላሟን ይቅርታ ጠየቅኋት፤ እናኑ አይታኝ ሳቀች፣ ወዲያው ግን ፊቴን ስታይ ሳቋን ተወችው።

በማግስቱ ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልቼ ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። አንዱን የቀዳሁት ከቦያችን ነው፤ ሁለተኛውን ከክምሩ ማዶ፣ አመድ ካልደረሰባት ትንሽ ፍልቅ። የእናኑ የእህት ልጅ እስከዳር እዚያ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጣለኝና በዕረፍት ሰዓቷ አገኘኋት። ከሁለቱም ጠርሙስ ትንሽ ትንሽ ቀድታ ወረቀት ነከረችባቸው። ወረቀቶቹ ሁለት ዓይነት ቀለም ያዙ።

«ጋሼ፣ ይሄ የምድጃ አመድ አይደለም» አለችኝ። «የድንጋይ ከሰል ከመሬት ሆድ የወጣ ነው፤ ውስጡ አርሴኒክ አለ፣ ቦሮን አለ፣ ሌላም ብዙ ነገር አለ። ሲነድ ከሰሉ ያልቃል፣ እነሱ ግን አያልቁም፤ አመዱ ውስጥ ተሰብስበው ይቀራሉ። ዝናብ ሲያገኛቸው ከውኃ ጋር ይወርዳሉ። ሽንኩርቱን ያቃጠለው ቦሮኑ ይመስለኛል።»

«ይመስለኛል?» አልኳት ተቆጥቼ። እሷን ምን አድርጊ ብዬ እንደምቆጣ እንጃ።

«የኔ ወረቀት የሚያሳየው ሁለቱ ውኃዎች እንደተለያዩ ብቻ ነው። አርሴኒኩን ለማወቅ ትልቅ ላብራቶሪ ያስፈልጋል። ልኬ አስመረምረዋለሁ፤ ግን ወር ሊፈጅ ይችላል። እስከዚያ አትጠጡት። ልጆችም እንዳይጠጡት።»

«እና በዓለም ላይ በዚህ ነገር መንገድ አይሠራም?»

«ይሠራል ጋሼ። ግን በሲሚንቶ ይታሰራል፣ አስፋልት ይለብሳል፣ ከውኃ ይርቃል። እንዲሁ ልቅ አድርጎ ምንጭ ራስ ላይ መቆለል ግን…» አልጨረሰችውም። ማን እንዳስቆለለው ስለምታውቅ ነው ያልጨረሰችው።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ስልሳ ሦስት ቤት ውኃውን አምኖ የሰጠኝ እንድጠብቀው ነበር። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ሲባል ስሰማ እስቅ ነበር፤ በኔ ሹመት ሊደርስ ነው።

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ለደረሰና ለምስክር የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ምስክር በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ መንገዱ በሚመጣው ሳምንት ከምንጩ ዓይን አጠገብ ያለውን ረባዳ እንደሚሻገር፣ ሁለት ሜትር ከፍታ ያለው ሙሌት እንደሚገባበት፣ ሙሌቱም በሙሉ ከዚያ ክምር እንደሚወሰድ ነገረኝ።

«ምንጩን ልትቀብሩት ነው» አልኩ።

«ሮለር ይጠቀጥቀዋል፣ ላዩን ጠጠር ይለብሳል። አመዱ የትም አይሄድም አባቴ።»

«ውኃ ግን ይሄዳል!» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁት።

ደረሰ ከመሳቢያው ቃለ ጉባኤውን አወጣ። «አያ ዘሩ፣ እስቲ የመጀመሪያው ፊርማ የማን ነው? ፈቅደው ሲያበቁ ዛሬ ሕዝቡን ቢያነሣሡ ምን እንደሚባሉ ያውቃሉ። ፀረ ልማት ነው የሚባሉት። እኔ አልልዎትም፤ ከላይ ያሉት ይላሉ። መንገዱ ግንቦት 20 መመረቅ አለበት።»

እናኑ ይህን ስነግራት «ፀረ ልማት? አንተን? አመድ በዱቄት ይስቃል አሉ!» አለች። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ፊርማው የኔ ነበር።

ማመልከቻ አጽፌ ወረዳ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። በማግስቱ ሄድኩ፤ መስክ ወጥተዋል። በሦስተኛው ቀን ደጃፉ ላይ ቆሜ ድምፄ እስኪዘጋ ተሳደብኩ፤ የሰማኝ ዘበኛው ብቻ ነበር፣ እሱም አዝኖልኝ ውኃ ሰጠኝ።

ስመለስ በተሠራው መንገድ ላይ መጣሁ። ከአስፋልቱ ጀምሮ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል አልቋል። ከፊቴ ሮለሩ ይሄዳል፣ ከሮለሩ ፊት የውኃ ቦቴው አመዱን እያራሰ ይሄዳል። ቦቴው ወደ አንድ ጥግ ሳይደርስ ውኃው አለቀበትና ያ ያልራሰው አመድ ነፋስ ሲነካው እንደ ዱቄት ቦነነ፤ ሠራተኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ሸሹ። ሮለሩም ቆመ። ቦቴው ዞሮ ሄዶ ቱቦውን ከቦያችን ውስጥ ሲነክር አየሁት።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደረቅ አመድ አይጠቀጠቅም። ውኃው ደግሞ የኔ ነው። ከኅዳር ጀምሮ የጠፋብኝ ቁጣ ቤቱ ገባ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ውኃ ጠጪዎቹን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ሰበሰብኳቸው። ደረሰም መጣ፤ እሱም ግማሽ ጥማድ ሽንኩርት ስላለው እንደማንኛውም ባለ ተራ ዳር ይዞ ተቀመጠ። እስከዳር ያለችውን ነገርኳቸው። ከዚያ እንዲህ አልኩ፦

«ምንጭ ያቆሸሸ አንድ ተራ ይነጠቃል፤ የውኃ አባት ሆኖ ካቆሸሸ እጥፍ ነው። አባቶቻችን የሠሩት ሕግ ነው። አመዱን የፈቀድኩ እኔ ነኝ። ሁለት ተራ ተቀጥቻለሁ።»

በየካቲት ፀሐይ ሁለት ሳምንት ውኃ ያላገኘ ሽንኩርት ምን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል።

«ኧረ ተው አያ ዘሩ፣ ሳያውቁት ነው» አለ ክንዱ።

«ቦይ የሰበረው ሁሉ ሳላውቅ ነው ይላል። ምሬው አላውቅም። አሁን ወደ ሌላው ልሂድ። ይህ መንገድ ከቦያችን ይቀዳል። ውኃ የሚጠጣ ሁሉ ባለ ተራ ነው፤ ምንጩን ካቆሸሸ ደግሞ ተራውን ይነጠቃል። ክምሩ ከምንጩ ራስ እስኪነሣ መንገዱ ውኃ አያገኝም። ግን ውኃው በቦይ እስከ ሄደ ድረስ ቦቴውን ማን ይከለክለዋል? እኔ የምላችሁ፣ ቦዩን ከአናቱ ደፍነን ውኃውን ወደ ገደሉ እንልቀቀው። ገደሉ ውስጥ መኪና አይገባም። እኛም አናገኝም፣ እነሱም አያገኙም።»

ይሄኔ ጫጫታ ሆነ። ሽንኩርቱ ሊደርስ ወር የቀረው ሰው ነው የሰበሰብኩት። አልጣሽ ተነሣች፤ ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች በአንዲት ቁራጭ ማሳ የምታሳድግ ሴት ናት።

«አያ ዘሩ፣ ሽንኩርቴ ከደረቀ ልጆቼን ምን ላብላቸው?»

«መልስ የለኝም» አልኳት። እሷም ወደ ሕዝቡ ዞረች።

«እኔም የለኝም። ግን ያን ውኃ እስከ ትናንት አጠጥቻቸዋለሁ። ሽንኩርት እንደገና ይተከላል። እኔ ይደፈን ብያለሁ፤ ወንዶቹ ደግሞ የምትሉትን በሉ!»

ከዚህ በኋላ ይደፈን የማይል ወንድ የት ይገባል? ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ቦዩን በጓልና በሣር ደፈንነው። ደረሰ ቆሞ አየን። አላገዘንም፣ አልከለከለንምም።

ሰኞ ጠዋት ቦቴው መጥቶ ደረቅ ቦይ አገኘ። እኔ ድፍኑ ላይ ሽመሌን ተደግፌ ተቀምጫለሁ። ምስክር ሮጦ መጣ፤ ያ ለስላሳ አፉ ተለወጠ። «መንግሥት የሚሠራውን ሥራ እያስቆሙ ነው!» አለኝ። «ሥራውን አላስቆምኩም፤ ውኃዬን ነው ያስቆምኩት» አልኩት። እኩለ ቀን ሳይሆን ሁለት ፖሊሶች መጡና ይዘውኝ ሄዱ። እጄን ሊያስሩት ሲሉ አንደኛው «ሽማግሌ ናቸው፣ ተው» አለው። «እሰር!» አልኩት። «ሕዝቡ ይየው።» አላሰረኝም፤ ቢያስረኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ጣቢያ ሦስት ቀን ቆየሁ። ማክሰኞ እናኑ ምሳ ይዛ መጣች።

«ሽንኩርቱስ?» አልኳት።

«ጠውልጓል። ከርሞም አይነሣ።»

«ቦዩስ?»

እንጀራውን እየቆረሰች ሳቀች። ፖሊሶቹ ገበሬውን አንድ በአንድ እየጠሩ ክፈት ብለውታል። ክንዱ «የውኃ አባት ይዘዝና እከፍታለሁ» አለ። ቀጥሎ የተጠራውም እንደዚያው አለ፤ ከዚያም የቀጠለው። አልጣሽን ሲጠሯት «ጌቶቼ፣ ቦዩ እኮ በጓል ነው የተደፈነ፤ በእርግጫ ይፈርሳል፣ ለምን ራሳችሁ አትረግጡትም?» አለቻቸው። ፖሊሶቹ ተያዩና ትእዛዝ አልደረሰንም ብለው ሄዱ። እነሱም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ የሌላ ሰው ቦይ መርገጥ ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

ረቡዕ አዛዡ አስጠርቶኝ «አጥፍቻለሁ ብለው ይፈርሙና ቤትዎ ይግቡ» አለኝ። «ክምሩ ተነሥቷል?» አልኩት። «እሱ የኔ ሥራ አይደለም» አለ። ተመልሼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወገቤን አሞኛል፣ ቁንጫው በልቶኛል፣ ደግሞም ፈርቻለሁ፤ ጀግና ነበርኩ አልላችሁም። ግን አንዴ የፈረምኩት ይበቃኛል።

ሐሙስ ማለዳ ደረሰ መጣ። ሌሊቱን እንቅልፍ ያላየ ሰው መልክ ነበረው።

«አያ ዘሩ፣ ክምሩ ተነሥቷል። መኪኖቹ ትናንት ቀኑን ሙሉ ሲያመላልሱ ዋሉ። አስፋልቱ አጠገብ ወዳለው፣ ውኃ ወደሌለበት ድንጋያማ ቦታ ነው የወሰዱት። ረባዳውም በቀይ ጠጠር ይሞላል ተብሏል። ውኃውን ይክፈቱልን።»

«ከመንገዱ ሥር የገባው ሁለት ኪሎ ሜትሩስ?»

«እሱን ማስነሣት አልቻልኩም።»

«እንግዲያው እሱን ደግሞ የምርመራው ውጤት ሲመጣ እንነጋገርበታለን። የተውኩት እንዳይመስልህ ደረሰ።» ከዚያ ልጠይቀው የፈለግሁትን ጠየቅሁት። «ያንተም ሽንኩርት እየደረቀ ነው። አንድ እርግጫ ነበር። ለምን አልከፈትከውም?»

ዓይኑን ሰበረ። «ሚስቴ ከከፈትክ እዚህ ቤት አትግባ አለችኝ» አለና፣ «እኔም አልቻልኩም» ብሎ ጨመረ።

አዛዡም ሳያስፈርመኝ ለቀቀኝና አብረን ሄድን። ቃሉን አምኜ አልከፈትኩም፤ መጀመሪያ ሜዳውን ዞሬ አየሁት። አመዱን ጠርገው ቀዩ አፈር ድረስ ቆፍረው ወስደውታል። ምንጩ እስኪጠራ የምንጠጣውን ከማዶዋ ፍልቅ እንድንቀዳ ተስማማን፤ ልጅ ያለው ይቅደም ተባለ። ከዚያ በዶማ ድፍኑን መታሁት፤ ውኃው ጓሉን እየገፋ ወደ ቦዩ ገባ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም አለቀስኩ፤ ለምን እደብቃለሁ?

ውኃው ወርዶ የኔ ማሳ ጫፍ ደረሰ። ሽንኩርቴ ተኝቷል፤ ከመሐሉ ግን አንዳንዱ ገና አረንጓዴ ነው። ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ተራው የኔ ነው፤ ይህን ከልጅ እስከ ዐዋቂ ያውቃል። ደረሰ ዶማውን አነሣና የማሳዬን በር ሊከፍት ጎንበስ አለ።

«ይጠጣ አያ ዘሩ። ይሄን የሚናገርዎት ሰው የለም።»

እግሬን በሩ ላይ አኖርኩ።

«ሁለት ተራ ነው የተቀጣሁት» አልኩት። «ዛሬ አንድ ተቆጠረ። ውኃውን ወደ አልጣሽ ምራው።»